ቶራጃ ይቆይ፣ ማካሳርን ቀድማችሁ እዩ

ስለ ማካሳር ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ደሴት ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። የባሕር ሳይንስ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ስለዚህ ስለ ከተማዋ ስጽፍ ገለልተኛ መሆን አልችልም። በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ለስብሰባ ወደ ማካሳር እሄዳለሁ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ አራት ቀን ይተርፈኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ከተማዋ ሙቀትና ትራፊክ ብቻ ናት፣ የሌሊት አውቶቡስ ይዘሽ ቀጥታ ወደ ቶራጃ ውጪ ይሉኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሻንጣዋን ገና ያልዘጋች

እህቴ፣ ቶራጃ በጣም ያምራል። ጣሪያቸው እንደ ጀልባ ወደ ላይ የተቀለበሰ ቤቶች፣ ገደል ውስጥ የተፈለፈሉ መቃብሮች፣ ብርድ ያለው ደጋ፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ተራራ ለተራራ። ሲሄዱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሲመለሱም እንደዚያው። ከአራት ቀንሽ ግማሹን በአውቶቡስ ወንበር ላይ ትጨርሺዋለሽ፤ የቀረውን ደግሞ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ሳምንት ቢኖርሽ ሂጂ እልሽ ነበር። በአራት ቀን ግን ማካሳርና ዙሪያዋ ይበቃሻል፤ እንዲያውም አያልቅልሽም።

ባልደረቦችሽ ስለ ሙቀቱ አልዋሹም። ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ስለዚህ ማካሳርን ማየት ያለብሽ በማለዳ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ማታ። እኩለ ቀንን ለምሳና ለማረፊያ ተዪው። «ሙቀትና ትራፊክ ብቻ» የሚሉት አብዛኞቹ ከሆቴል የሚወጡት በሦስትና በአራት ሰዓት የሆኑ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ማለዳ የፓኦቴሬ ይሁን። ከመሀል ከተማ በስተ ሰሜን ያለ አሮጌ የጀልባ ወደብ ነው። ኮንቴይነር የሚያነሱት ትልልቅ ክሬኖች ያሉት ሌላ ቦታ ነው፤ ፓኦቴሬ የእንጨት መርከቦች ነው። ፊታቸው ወደ ላይ የሾለ ፒኒሲ የሚባሉ መርከቦች ተሰልፈው ይቆማሉ። ወዛደሮች በአንዲት ቀጭን ሳንቃ ላይ እየተራመዱ ሲሚንቶ፣ ሩዝ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንዳንዴም ሞተር ብስክሌት ይጭናሉ። ሳንቃዋ ከሥራቸው ትረግባለች፣ እነሱ ግን እርምጃቸውን ከእርግብግቢቷ ጋር ያስማሙታል። ዕቃው የሚሄደው ትልቅ መርከብ ወደማይደርስባቸው ትንንሽ ደሴቶች ነው። ለቱሪስት ብለው የሚያደርጉት ነገር የለም። ሥራ ነው፣ በየቀኑ።

እዚያው አጠገብ የዓሣ ጨረታው አለ። ጨለማው ሳይገፍ ይጀምራል። ቱና፣ ቀይ ዓሣ፣ ኦክቶፐስ፣ ስሙን የማታውቂው ብዙ ነገር። መሬቱ እርጥብ ስለሆነ የሚታጠብ ጫማ አድርጊ። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት በዓይንሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ፈገግ ይላሉ፣ አንዳንዶቹም ነይ ውጪ ብለው መርከቡ ላይ ይጋብዙሻል። በሰዎች ፊት ስታልፊ ትንሽ ጎንበስ ብለሽ ቀኝ እጅሽን ወደ ታች ዘርግተሽ «ታቤ» በይ። የአገሩ ሰው ሁሉ ያደርገዋል፣ አንቺም ስታደርጊው ፊታቸው ሲፈታ ታያለሽ። ጎልማሳ ወንድን «ዳኤንግ» ብሎ መጥራትም የተለመደ አክብሮት ነው።

ፓኦቴሬን እያየሽ አንድ ታሪክ በልብሽ ያዢ። የማካሳር መርከበኞች ቢያንስ ከ1700ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በታኅሣሥ ገደማ የሚነፍሰውን የምዕራብ ነፋስ ይዘው እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ድረስ ይጓዙ ነበር። የሚፈልጉት ከባሕር ወለል የሚለቀም ትሪፓንግ የሚባል ለስላሳ እንስሳ ነው። እያፈሉና እያደረቁ ለቻይና ገበያ ያቀርቡት ነበር። የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች ከሆኑት ከአቦርጂኖች ጋር ይነግዱ፣ አብረው ይሠሩ፣ ይጋቡም ነበር። ነፋሱ ሲዞር ወደ ማካሳር ይመለሳሉ። ይህ ጉዞ የቆመው በ1907 ነው፤ የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት ፈቃድ ከለከላቸው። እነዚያ ሰዎች የሄዱት እንዲህ ባለ የእንጨት መርከብ፣ ያለ ሞተር ነው። ይህን እያሰብሽ ስታያቸው መርከቦቹ ሌላ ይሆኑብሻል።

ከፓኦቴሬ ወደ ፎርት ሮተርዳም ሂጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። በዚህ ቦታ መጀመሪያ ምሽግ የሠራው የአካባቢው የድሮ ንጉሣዊ ግዛት፣ የጎዋ መንግሥት ነው፣ በ1545። በላይ በኩል ሲታይ ቅርጹ ወደ ባሕር የሚሄድ ኤሊ ይመስላል፤ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ የኤሊው ምሽግ ይለዋል። ጎዋዎች ኤሊን የመረጡት በየብስም በባሕርም ስለሚኖር ነው ይላሉ፣ እንደ እነሱ። በ1667 ደች (ሆላንዶች) ከጎዋው ሱልጣን ሃሳኑዲን ጋር ተዋግተው የቡንጋያን ውል አስፈረሙ። ምሽጉን የወሰደው አዛዥ ስፔልማን እንደገና አሠርቶ በትውልድ ከተማው ስም ሮተርዳም አለው። ዛሬ ውስጡ አረንጓዴ ግቢ፣ ቀይ ጣሪያ ያላቸው ረጃጅም ሕንፃዎችና ላ ጋሊጎ የሚባል ሙዚየም አለ። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉትን የጀልባ ሞዴሎች ሳታዪ አትውጪ።

አንዲት ትንሽ ክፍል ደግሞ አለች። ልዑል ዲፖኔጎሮ የታሰረባት ናት ይባላል። ከ1825 እስከ 1830 በጃቫ ደሴት ደችን የተዋጋ ሰው ነው። ለድርድር ብሎ ሲመጣ ያዙት። መጀመሪያ ወደ ማናዶ፣ ከዚያ በ1833 ወደ ማካሳር አመጡት። ጃቫን ዳግመኛ አላየም፤ በ1855 እዚሁ አረፈ። መቃብሩ በስሙ በተጠራው ጎዳና ላይ ነው፣ ከምሽጉ ሩቅ አይደለም። ብዙ ጎብኚ አይሄድበትም፣ አንቺ ግን ሂጂ። ቤተሰቡም አብሮት ተቀብሯል፤ ግዞት ምን ያህል ዕድሜ እንደሚፈጅ እዚያ ይገባሻል።

ማታ ሎሳሪ ነው። የባሕር ዳር መናፈሻ ነው፣ የሚዋኝበት አሸዋ አትጠብቂ። ከተማው ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያይ ይወጣል። በምሰሶ ላይ ባሕሩ ውስጥ የቆመ መስጊድ አለ። ወደ ባሕሩ በተሞላው አዲስ መሬት ላይ ደግሞ አርክቴክቱ ሪድዋን ካሚል የነደፈው ባለ 99 ጉልላቱ መስጊድ ይታያል። ፒሳንግ ኤፔ ብዪ፦ ሙዝ ከሰል ላይ ይጠበስና በሁለት ሳንቃ መሀል ይዳመጣል፣ ከዚያ የዘንባባ ስኳር ሽሮፕ ይፈስበታል። ዱሪያን የተጨመረበትም አለ። ሽታውን የምትችዪ ከሆነ እሱን ሞክሪ፣ የተሻለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አንድ ቀን ብቻ ቢኖርሽ እንኳ የምልክሽ ቦታ ራማንግ ራማንግ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማሮስ በሚባል ወረዳ። ከሩዝ ማሳ መሀል ቀጥ ብለው የወጡ የኖራ ድንጋይ ተራሮች አሉ። ጥቁር፣ ሹል፣ ጫፋቸው በዛፍ የተሸፈነ። ከመንገዱ ዳር ጀልባ ይዘሽ በፑቴ ወንዝ ትገቢያለሽ። ግራና ቀኝ ዘንባባ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጀልባዋ በድንጋይ ቀዳዳ ሥር ታልፋለች፣ ጎንበስ ማለት አለብሽ። መጨረሻ ላይ ቤሩዋ የምትባል መንደር ትደርሻለሽ። ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች፣ ጥቂት የእንጨት ቤቶችና የዓሣ ኩሬ ያላት ሜዳ ናት። የጀልባው ዋጋ በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ ስለዚህ ሌላ ተጓዥ ካገኘሽ ተጋሩ። በማለዳ ሂጂ፣ ጭጋጉ ተራራው ላይ ሳለ።

ይህ ቦታ እንዲሁ የተረፈ እንዳይመስልሽ። የማዕድን ኩባንያዎች ተራራውን ቆፍረው ሊወስዱት ፈቃድ አግኝተው ነበር። የመንደሩ ሰዎች ተቃወሙ፣ ፈቃዱ ተሰረዘ፣ እነሱም ጀልባቸውን ይዘው ጎብኚ ማመላለስ ጀመሩ። ለጀልባው የምትከፍዪው ገንዘብ ተራራው ቆሞ እንዲቀር የሚያደርግ ገንዘብ ነው። ብዙ አትከራከሪ።

ከዚያ ሳትርቂ ሌአንግ ሌአንግ አለ። ዋሻዎች ናቸው። ሰዎች እጃቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ዙሪያውን ቀይ ቀለም ተፍተውበት የእጃቸው ቅርጽ ቀርቷል። አጠገቡ የዱር አሳማ ሥዕል አለ። በ2014 በወጣ ጥናት በዚሁ በማሮስ አካባቢ ያለ አንድ የእጅ አሻራ ቢያንስ 39,900 ዓመት እንደሆነው ታወቀ። በ2024 ደግሞ ሌአንግ ካራምፑአንግ በተባለ ዋሻ ውስጥ ያለ፣ አሳማና ሰው የሚመስሉ ምስሎች ያሉበት ሥዕል ቢያንስ 51,200 ዓመት ተባለ። የጥንት ሥዕል አውሮፓ ውስጥ ጀመረ የሚለውን የቆየ ታሪክ እነዚህ ዋሻዎች አፍርሰውታል። ለጎብኚ የተከፈተውን ፔታ ኬሬ የተባለ ዋሻ ለማየት የብረት ደረጃ መውጣት አለብሽ። ግድግዳውን በጣትሽ ጫፍ እንኳ አትንኪ። ድንጋዩ በጨው እየተፈረካከሰ ሥዕሎቹ ከዓመት ዓመት እየረገፉ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር፦ አየር ማረፊያውም ያለው በማሮስ በኩል ነው። ስለዚህ በረራሽ ማታ ከሆነ የመጨረሻውን ቀን ለዚህ አድርጊው። መኪና ለቀኑ ተከራዪ፣ ሻንጣሽን ጫኚ፣ ራማንግ ራማንግንና ሌአንግ ሌአንግን አይተሽ ቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ። ወደ ከተማው ትራፊክ አትመለሺም።

«ኬፕታውን ስኖር ማካሳር የሚባል ሰፈር ውስጥ የሼህ ዩሱፍን መካነ መቃብር ዘይሬያለሁ። አሁን ኢንዶኔዥያ ያለችው ማካሳርም መቃብራቸው አለ ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ነው ነገሩ? መሄድስ ይቻላል?» የቀድሞ የኬፕታውን ነዋሪ

ወንድሜ፣ ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱም ይከበራሉ። ሼህ ዩሱፍ የተወለዱት በ1626 በጎዋ ነው። መካ ሄደው ብዙ ዘመን ተምረው ሲመለሱ በጃቫ በባንተን ሱልጣን ዘንድ ተቀመጡ። ደች ባንተንን ሲወጋ እሳቸውም ተዋጉ፣ በ1683 ተያዙ። መጀመሪያ ወደ ስሪላንካ ተጋዙ። እዚያም እየጻፉና እያስተማሩ ተከታይ ሲያፈሩ ደች ፈርቶ በ1694 ወደ ኬፕ ላካቸው፣ ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር፣ በጠቅላላው 49 ሰው። ከከተማው ርቆ በሚገኝ እርሻ ላይ አስቀመጧቸው፤ ከሰው እንዲለዩ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ያመለጡ ባሮች ወደ እሳቸው ይመጡ ጀመር። በደቡብ አፍሪካ እስልምና ሥር የያዘው እዚያ ነው ይባላል። ያየኸው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው አገር ነው።

በ1699 አረፉ። የጎዋ ንጉሥ አስከሬናቸው እንዲመለስ ሲጠይቅ ቆይቶ በ1705 ወደ ጎዋ መጣና ተቀበረ። የኬፕ ሙስሊሞች መካነ መቃብሩን ጠብቀው ያዙት። የትኛው ነው እውነተኛው ብሎ መከራከር ለእኔ ጥቅሙ አይታየኝም። በሁለት አህጉር የሚወደድ ሰው ነው። ኢንዶኔዥያ በ1995 ብሔራዊ ጀግና ብላቸዋለች፣ ደቡብ አፍሪካም በ2005 የኦሊቨር ታምቦን ኒሻን ሰጥታቸዋለች።

መሄድ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። ቦታው ከማካሳር ከተማ በስተ ደቡብ፣ ከጎዋ ወሰን ላይ ነው፤ በታክሲ ትንሽ መንገድ ነው። ጉልላት ያለው ቤት ውስጥ ነው የተቀበሩት። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብለህ ትገባለህ። ሰዎች አበባ ይዘው ይመጣሉ፣ ሐጅ ከመሄዳቸው በፊት የሚዘይሩም አሉ፣ አዲስ ሙሽሮችም። ረጅም ሱሪ ልበስ፣ ጫማህን አውልቅ። ጠባቂዎቹ ዱዓ ያደርጉልሃል፣ ትንሽ ነገር መስጠት ወግ ነው። ኬፕታውን ያለውን እንዳየህ ንገራቸው። እኔ ከአንድ የኬፕ ቤተሰብ ጋር በሄድኩ ጊዜ ጠባቂው አዛውንት እጃቸውን ይዘው አልለቅ ብለዋቸው ነበር።

እዚያ ከደረስክ የሱልጣን ሃሳኑዲን መቃብርና የካታንግካ አሮጌ መስጊድ በቅርብ ርቀት ናቸው። መስጊዱ ትንሽ ነው፣ ግድግዳው ግን በጣም ወፍራም ነው፤ በጦርነት ጊዜ መከታ እንዲሆን ብለው ነው ይላሉ። ከዚያ ሱንጉሚናሳ ውስጥ ባላ ሎምፖአ አለ፣ በ1936 የተሠራ የጎዋ ነገሥታት የእንጨት ቤተ መንግሥት። ዛሬ ሙዚየም ነው። ዓርብ ቀትር ላይ አትሂድ፣ ሁሉም ሰው ሶላት ላይ ነው።

«ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምመጣው፣ ሰባትና አሥር ዓመታቸው ነው። ምሽግና መቃብር አይሆንላቸውም። ባሕርና እንስሳ ይፈልጋሉ።» አባት

ጌታዬ፣ ልጆችዎ ትክክል ናቸው። ከማካሳር ፊት ለፊት ስፐርሞንዴ የሚባሉ 120 ያህል ትንንሽ ደሴቶች አሉ። የቅርቡ ሳማሎና ነው። ከፎርት ሮተርዳም ፊት ለፊት ካለው የጀልባ ማቆሚያ ተነሥተው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ ጥላ የሚከራይበት ቤት፣ የተጠበሰ ዓሣ። ለልጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ጸጥታ ከፈለጉ ትንሽ ራቅ ብሎ ኮዲንጋሬንግ ኬኬ አለ፤ ግን እዚያ ሱቅ እንዳለ አድርገው አያስቡ፣ ውኃና ምግብ ይዘው ይሂዱ።

የጀልባ ኪራይ ለደርሶ መልስ በጀልባ ነው። የመመለሻውን ሰዓት ቀድመው ይነጋገሩ፣ ሂሳቡንም ተመልሰው ሲወርዱ ይክፈሉ። ላይፍ ጃኬት ለልጆቹ በልካቸው መኖሩን ሳያዩ አይሳፈሩ፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ አለ። ማልደው ይውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል።

ስለ ኮራሉ ትንሽ ላስቸግርዎ፣ ሙያዬ ስለሆነ። የስፐርሞንዴ ባሕር ብዙ ተጎድቷል። ዓሣ በፈንጂ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ፣ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ፈንጂው የኮራሉን አጥንት ያደቀዋል፣ የደቀቀው ነገር በማዕበል እየተንከባለለ አዲስ ኮራል እንዳይበቅል ያደርጋል። ባዲና ቦንቶሱዋ በሚባሉ ደሴቶች ዙሪያ የደሴቶቹ ሰዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው መፍትሔ አገኙ። ባለ ስድስት ማዕዘን የብረት መደብ አሸዋ ይቀቡታል፣ የተሰበረ የኮራል ቁራጭ ያስሩበታል፣ ከዚያ እርስ በርስ እያያዙ ባሕሩ ወለል ላይ ያነጥፉታል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ብረቱ አይታይም፣ ዓሣ ይመለሳል። ተማሪ ሆኜ በመነጽር ሳየው ውኃ ውስጥ አልቅሻለሁ። እባክዎ ለልጆቹ አንድ ነገር ያስተምሩልኝ፦ ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት አለው፤ አይቆሙበትም።

ለእንስሳው ባንቲሙሩንግ ይሂዱ፣ እሱም ማሮስ ውስጥ ነው። ሰፊ ፏፏቴ አለ፣ ልጆች በጎማ ወንዙ ላይ ይንሸራተታሉ። የታወቀው ግን በቢራቢሮው ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ በ1857 እዚህ መጥቶ ባያቸው ቢራቢሮዎች ተደንቋል። ዛሬ ቁጥራቸው እንደ ድሮው አይደለም። ፀሐይ ባለበት ጠዋት፣ ውኃው ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ ይፈልጓቸው። እሑድ አይሂዱ፣ የማካሳር ሰው ሁሉ እዚያ ነው። የውጭ አገር ሰው የመግቢያ ዋጋ ከአገሬው ብዙ እጥፍ ነው፤ በር ላይ ሲሰሙት እንዳይደነግጡ አሁኑኑ እነግርዎታለሁ።

በሩ አካባቢ የደረቀ ቢራቢሮ በመስታወት ክፈፍ የሚሸጡ አሉ። ልጆቹ ይጠይቁዎታል። አይግዙላቸው። ከትልልቆቹና ከሚያማምሩት መሀል በሕግ የተጠበቁ አሉ፣ ከአገር ማውጣቱም ጣጣ ያመጣል። በሕይወት ያለውን ይዩ።

ከባንቲሙሩንግ ወደ ቦኔ በሚወስደው ተራራማ መንገድ ዳር ደግሞ ሱላዌሲ ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ጭራቸው በጣም አጭር የሆነ ዝንጀሮ መሰል ጦጣዎች ይኖራሉ። ከመኪና ምግብ አይጣሉላቸው። ምግብ ፍለጋ አስፋልቱ ላይ ይቀመጡና መኪና ይገጫቸዋል። ዝናብ ከያዛችሁ ደግሞ ከተማ ውስጥ ጣሪያ ያለው ትልቅ የመጫወቻ ማዕከል አለ፣ ትራንስ ስቱዲዮ ይባላል። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

«በጾም ወቅት ነው የምገኘው። ማካሳር የሥጋ ከተማ ናት ይባላል። በረሃብ ልሙት?» ጾመኛዋ

አትሞቺም። ግን እውነት ነው፣ የከተማዋ ኩራት ሥጋ ነው። ኮቶ የሚሉት የሥጋና የሆድ ዕቃ ሾርባ በተፈጨ ለውዝ የተሠራ ነው፣ በቅጠል ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ይበላል። ኮንሮ የጎድን አጥንት ነው። ፓሉባሳ ደግሞ የተቆላ ኮኮናት ያለበት ወፍራም ሾርባ ነው። ጾሙን ስትፈቺ ተመልሰሽ መምጣት አለብሽ።

እስከዚያ ቴምፔና ታሁ አሉልሽ። ሁለቱም ከአኩሪ አተር የሚሠሩ ናቸው፣ በየትንሹ ምግብ ቤት መስኮት ላይ ተደርድረው ታያቸዋለሽ። ጋዶ ጋዶ የተቀቀለ አትክልት በለውዝ ስጎ ነው፤ «ታንፓ ቴሉር» በይ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ካንግኩንግ የሚባል ጎመን መሰል ቅጠል በነጭ ሽንኩርት ይጠበሳል።

መጠንቀቅ ያለብሽ ቴራሲን ነው። ከተፈጨ ሽሪምፕ የሚሠራ ማጣፈጫ ነው፣ ሚጥሚጣ ስጎው ውስጥ፣ አትክልቱ ውስጥ፣ ሁሉም ቦታ ይገባል። «ታንፓ ቴራሲ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጾምሽ ዓሣ የሚፈቅድ ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ፓሉማራን እዘዢ፣ ዓሣ በእርድና በሮቃ የተቀቀለ፣ ኮምጠጥ ያለ። በፓኦቴሬ አካባቢ ዓሣውን ራስሽ መርጠሽ ከሰል ላይ የሚጠብሱልሽ ቤቶች አሉ፤ ከጥሬ ማንጎ ስጎ ጋር ያቀርቡልሻል። ለጣፋጭ ፒሳንግ ኢጆ አለ፣ በአረንጓዴ የሩዝ ዱቄት የተጠቀለለ ሙዝ ከበረዶ ጋር። የሚፈሰው ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ከኮኮናት ወተት ነው፤ ቢሆንም የላም ወተት እንዳልገባበት ጠይቂ።

«አያቴ አናጢ ነበሩ፣ እኔም አናጢ ነኝ። የፒኒሲ መርከብ ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ። ማካሳር ውስጥ ይሠራል?» አናጢው

ማካሳር ውስጥ ይቆማሉ እንጂ የሚሠሩት ሌላ ቦታ ነው። ቡሉኩምባ ወረዳ መሄድ አለብህ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አምስት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። ታና ቤሩ የምትባለው መንደር የባሕር ዳርቻዋ በሙሉ የመርከብ መሥሪያ ነው። ሌሎቹ መንደሮች አራና ቢራ ናቸው። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

አናጢ ስለሆንክ የምነግርህ ነገር ያስገርምሃል። መጀመሪያ አጥንቱን አቁመው ጣውላውን አይመቱበትም። ጣውላውን እርስ በርስ በእንጨት ችንካር እያያዙ የውጩን አካል ይሠራሉ፤ የውስጡ አጥንት የሚገባው በኋላ ነው። በባህሉ የወረቀት ንድፍ የለም። ልኩ በዋና አናጢው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ፑንጋዋ ይሉታል። የመርከቡ የታችኛው ዋና ግንድ ሲጣል ጸሎትና ሥርዓት አለ፣ መርከቡ ወደ ባሕር ሲገፋም እንደዚሁ። ዛሬ የኤሌክትሪክ መጋዝና መብሻ ይጠቀማሉ፣ መርከቦቹም ሞተር አላቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ለቱሪስት ጉዞ ለሚያዝዙ ሀብታሞች ነው። ቢሆንም እጁ ያው እጅ ነው።

የአናጢዎቹን ሥራ ሳታቋርጥ ዙሪያውን መሄድ ትችላለህ። ሙያህን ንገራቸው። ሲጋራና ቡና ይዘህ ብትሄድ ወሬው ይረዝማል። የአያትህ መሣሪያ ፎቶ ካለህ ስልክህ ላይ ያዝ፣ ቋንቋ ባትግባቡ እሱ ይበቃል። በዚያው ቀን መመለስ ሞት ነው፤ ቢራ እደር። ነጭ አሸዋ ያለው ጥሩ ባሕር ዳር ነው፣ ርካሽ ማደሪያም አለው።

«መቼ ልሂድ? ምንስ ይዤ ልመለስ?» አጭር ጠያቂ

ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው፣ ባሕሩም ሰላም ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዝናቡ ከባድ ነው፣ መንገድ ይጥለቀለቃል፣ የደሴት ጀልባ ብዙ ቀን አይወጣም። ዝርዝር ሩፒያ፣ የአገሩን ገንዘብ፣ አትጪ፤ የመቶ ሺህ ኖት ለትንሽ ዕቃ መልስ ያሳጣል። ለታክሲ ግራብና ጎጄክ የሚባሉትን መተግበሪያዎች ስልክሽ ላይ ጫኚ። በሞተር የሚሄደውን ባለ ሦስት እግር ቤንቶርን ከያዝሽ ግን ዋጋውን ሳትነጋገሪ አትቀመጪ።

ለመግዛት ሶምባ ኦፑ ጎዳና ሂጂ። የወርቅ ቤቶች ይበዛሉ፣ ከመሀላቸው ግን የቶራጃ ቡና፣ የሴንግካንግ ሐር ጨርቅና ሚንያክ ታዎን የሚባል መታሻ ዘይት የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ዘይቱ ለጡንቻ ሕመምም ለትንኝ ንክሻም ይቀቡታል፣ የማካሳር ሰው ቤት ውስጥ አይጠፋም። ስትገዢ ክዳኑን በደንብ ይዝጉልሽ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው። ከቡናው ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጊ፣ ሽታው ይዋሃደዋል።